የሰው አገር በቀቀኖች፦ ከለንደን እስከ ሐዋሳ

በቀቀን የቆላና የጫካ ወፍ ነው ብለን ነው ያደግነው። ዛሬ ግን ለንደን፣ ብራስልስ፣ አምስተርዳም፣ ባርሴሎና፣ ኒውዮርክና ቶኪዮ ውስጥ በመንጋ ሆኖ ይኖራል። በክንፉ በርሮ አልሄደም። ሰው በሽቦ ቤት አድርጎ፣ በመርከብና በአውሮፕላን ጭኖ ወሰደው። አንዳንዱ አመለጠ፣ አንዳንዱን ደግሞ ጩኸቱ ያንገሸገሸው ባለቤት በመስኮት ለቀቀው። ስለ ለንደን የተጻፈው ስለሚበዛ እዚህም ለንደን መብዛቷ አይቀርም።

አውሮፓን የሞላው አረንጓዴው፣ ረዥም ጅራቱ በቀቀን ነው። ወንዱ አንገቱ ላይ ጥቁርና ሮዝ ቀለበት አለው። የትውልድ አገሩ ሁለት ቦታ ነው፦ አንዱ ሕንድና ፓኪስታን፣ ሌላው ደግሞ ከሴኔጋል ተነስቶ እኛ መተማ አካባቢ ቆላ ድረስ የሚዘልቀው የአፍሪካ ክፍል። በዘረመል ሲመረመሩ የአውሮፓዎቹ አብዛኞቹ የመጡት ከእስያ በኩል ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ለንደን ላይ የሚጮኸው የኛው ዘመድ እንጂ የኛው ልጅ አይደለም።

እንግሊዝ ውስጥ በዱር መራባቱ የተመዘገበው ገና እ.ኤ.አ. በ1855 ኖርፎክ ላይ ነው፤ ያ ግን አልዘለቀም። ሳይቋረጥ መዋለድ የጀመረው ከ1969 ወዲህ ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ደቡብ ምዕራብ ለንደንን፣ ማለትም ኪንግስተንን፣ ሪችመንድንና ኪውን ወረሰ። ስለ አመጣጡ ያልተወራ ወሬ የለም። ጊታሪስቱ ጂሚ ሄንድሪክስ ካርናቢ ጎዳና ላይ ጥንድ በቀቀን ለቀቀ የሚሉ አሉ፤ በ1951 ፊልም ሲቀረጽ ከስቱዲዮ አመለጡ የሚሉም አሉ። የለንደኑ ኩዊን ሜሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 ባወጡት ጥናት ፖሊስ ተደጋጋሚ ወንጀለኛ የሚያፈላልግበትን የካርታ ስሌት ወፎቹ ላይ ተጠቀሙበት። ስርጭቱ ከተባሉት ቦታዎች እንደተነሳ የሚያሳይ ነገር አላገኙም። ብዙ ሰዎች በተለያየ ጊዜ ትንሽ ትንሽ እየለቀቁ የተጠራቀመ ነው የሚመስለው፤ በተለይ ጋዜጦች ስለ በቀቀን በሽታ በጻፉ ቁጥር ሰው ፈርቶ ይለቅ ነበር ይላሉ። አሳማኝ ነው። ግን የሄንድሪክስን ወሬ ማን ይተወዋል?

የብራስልሱ ታሪክ ደግሞ ቁርጥ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 አቶሚየም ከሚባለው የከተማዋ ሐውልት አጠገብ የነበረው የመሊ መዝናኛ ፓርክ ኃላፊ ከተማዋ ቀለም ይኑራት ብሎ ወደ 40 የሚሆኑ በቀቀኖችን ሆን ብሎ ለቀቀ። ዛሬ ከ10,000 በላይ ሆነዋል።

ብርዱን እንዴት ቻሉት? ዝርያው እስከ ሂማላያ ግርጌ ድረስ ስለሚኖር ለብርድ አዲስ አይደለም። ከተማ ከገጠር ይሞቃል። በክረምት ሰዉ ጓሮው ውስጥ ለወፍ ፍሬ ይሰቅላል። ፓርኮቹ ያረጁ ዛፎች አሏቸው፣ ዛፎቹ ደግሞ ግንደ ቆርቁር የፈለፈለው ጉድጓድ አላቸው። በቀቀኑ ከአገሬው ወፍ ቀድሞ እንቁላል ስለሚጥል ቤቱን ቀድሞ ይይዛል። ጉዳቱም እዚህ ላይ ነው። የስፔኗ ሴቪያ ውስጥ፣ ማሪያ ሉዊሳ ፓርክ፣ በአውሮፓ ትልቁ የሌሊት ወፍ ይኖርባቸው የነበሩት ዛፎች በ14 ዓመት ውስጥ በ81 በመቶ ቀንሰዋል። በቀቀኖቹ ጉድጓዱን ይቀሙታል፣ ሲብስም ነክሰው ይገድሉታል።

ከአርጀንቲናና ከአካባቢዋ የመጣው ግራጫ ደረቱ በቀቀን ጉድጓድ አይፈልግም። እንጨት ለቃቅሞ እንደ ኮንዶሚኒየም ብዙ በር ያለው ጎጆ ይሠራል፣ ጥንዶቹም በየክፍላቸው ይገባሉ። ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ የግሪንውድ መካነ መቃብርን ትልቅ በር ሰፍረውበታል። የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ሲሠሩት ግን መብራት ይጠፋል፣ እሳትም ይነሳል። ማድሪድ በ2019 ወደ 12,000 የሚጠጉትን ለመቀነስ እቅድ አወጣች። ሳንፍራንሲስኮ ተቃራኒውን መረጠች። ከኢኳዶርና ከፔሩ የመጡትን ቀይ ራስ በቀቀኖች በ2023 የከተማዋ ኦፊሴላዊ እንስሳ አደረገቻቸው፤ በፓርክ ውስጥ መመገብን ግን ከ2007 ጀምሮ ከልክላለች።

ቴህራን፣ ኢስታንቡልና ቴል አቪቭም አሏቸው። ወደ እኛ ስንቀርብ፣ በዚሁ በስምጥ ሸለቆ የኬንያው ናይቫሻ ሐይቅ ዳር፣ ከታንዛኒያ የመጡ ሁለት ዓይነት ትናንሽ በቀቀኖች ተዳቅለው ይኖራሉ።

የዱር ወፍ ንግዱ አሁን ቀዝቅዟል። አሜሪካ በ1992 ሕግ አወጣች፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ2005 በጊዜያዊነት፣ በ2007 በቋሚነት ዘጋው። የሰፈሩት ግን መዋለዳቸውን አላቆሙም።

ሐዋሳ ከዚህ ሁሉ የምትለየው በቀቀኖቿ እንግዳ ባለመሆናቸው ነው። ሐይቁ ዳር ሰው ሁሉ አባ ኮዳንና ጉሬዛን ፎቶ ሲያነሳ፣ ከራሱ በላይ ዋርካውና ሾላው ላይ ጥቁር ክንፏ ትንሽ በቀቀን ፍሬ ትለቅማለች። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ በተፈጥሮ የትም የለችም። ቁመቷ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወንዱ ግንባሩ ቀይ ነው፣ የሴቷ ግንባር ግን አረንጓዴ ነው። ወንዶ ገነት ወጣ ካላችሁ ደግሞ ቢጫ ግንባሩ በቀቀን አለ፤ እሱ የኢትዮጵያ ብቻ ነው። ሁለቱም ጉድጓድ ያለው አሮጌ ዛፍ ይፈልጋሉ፤ የሐይቁን ዳር ለማስዋብ ሲባል ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ይህን ቢያውቅ አይከፋም። ሁለቱም ጅራታቸው አጭር ነው። ረዥም ጅራት ያለው አረንጓዴ በቀቀን ሐዋሳ ላይ ያየ ካለ ግን ከአንድ ሰው ቤት ያመለጠ ሳይሆን አይቀርምና ፎቶ ያንሳው።