ከበባ ምንድን ነው? ጡብ ቆጥረው ያመለጡት የፕላታያ ሰዎች

ከበባ ማለት በአጭሩ አንድን ከተማ ወይም ምሽግ ዙሪያውን ይዞ፣ መግቢያ መውጫውን ዘግቶ፣ ውስጥ ያለው እጁን እንዲሰጥ ማስገደድ ነው። ለእኛ ቶሎ ትዝ የሚለን የመቀሌው ነው። በጥር 1888 ዓ.ም. እንዳ ኢየሱስ ላይ የመሸገው የጣሊያን ጦር የተረታው ግንቡ ፈርሶ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ የውሃ ምንጩን አስያዙበት። የቀረውን ጥሙ ጨረሰው።

ይህ ታሪክ ግን ከከበበው ወገን የታየ ነው። እኔ ላወራችሁ የፈለግኩት ውስጥ ስላለው ሰው ነው። በር ተዘግቶበት፣ ጎተራው በየቀኑ እየጎደለ፣ ከቅጥሩ ማዶ የጠላት ጦር አፈር ሲቆልል እያየ ምን ያደርጋል? አለቃውስ ምን ብሎ ያዛል?

ከተማ የሚያዘው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጉልበት ነው፦ ቅጥሩን መውጣት፣ መደርመስ፣ ከሥሩ መቆፈር፣ ማቃጠል። ሌላው መጠበቅ ነው፦ ዙሪያውን አጥሮ ለራብ መተው። የመጀመሪያው ሰው ይበላል፣ ሁለተኛው ጊዜና ገንዘብ ይበላል። የተከበበ ሰው እንግዲህ ሥራው አንድ ነው። ለከበበው ነገሩን ማስወደድ። ዛሬ የመጣበትን ዘዴ ማክሸፍ፣ ነገ ሌላ እንዲፈልግ ማድረግ፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው።

ይህን የሚያሳይ ከፕላታያ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ታሪኩን በዝርዝር የጻፈልን በዚያው ዘመን የኖረው አቴናዊው ቱሲዲደስ ነው።

ፕላታያ በማዕከላዊ ግሪክ፣ በኪታይሮን ተራራ ሥር የነበረች ትንሽ ከተማ ናት። ጎረቤቷ ቴብስ ትልቅና ጉልበተኛ ነበረች። ፕላታያ ግን የወገነችው ከተራራው ማዶ ካለችው ከአቴንስ ጋር ነበር። ጎረቤት ይህን ይቅር አይልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ431 ቴቦች ከተማዋን በአንድ ሌሊት ሊጠቀልሏት ሞከሩ። ከ300 ጥቂት የሚበልጥ ጦር፣ ከውስጥ በር የሚከፍት ከሃዲ አግኝቶ፣ ሰተት ብሎ ገባ።

ሰዉ መጀመሪያ ደነገጠ። ቀስ ብሎ ግን የገባው ጦር ጥቂት መሆኑን አስተዋለ። መንገድ ላይ ቢሰበሰቡ ይታያሉ። ስለዚህ የቤታቸውን የጋራ ግድግዳ እየበሱ ከቤት ወደ ቤት ተሹለክልከው ተገናኙ። ጋሪዎችን ያለ ከብት እየገፉ መንገዱን ዘጉ። ሊነጋጋ ሲል ወጡባቸው። ሴቶችና አገልጋዮች ከጣሪያ ላይ ድንጋይና ሸክላ አዘነቡባቸው። ፕላታያውያን 180 ምርኮኛ ያዙ፣ ገደሏቸውም። ይሄኛው የሚያስመሰግን ሥራ አልነበረም። በኋላ ዋጋ አስከፍሏቸዋል።

ከዚያ በኋላ አቴናውያን ሴቶችን፣ ሕፃናትንና አቅመ ደካሞችን ወደ አገራቸው ወሰዱ፣ ስንቅ አስገቡ፣ ትንሽ ጦር ትተው ሄዱ። ከተማው ውስጥ የቀሩት 400 ፕላታያውያን፣ 80 አቴናውያንና ዳቦ የሚጋግሩ 110 ሴቶች ናቸው። በቃ። የከበባ መከላከያ ከቅጥርም ከጦርም በፊት እዚህ ላይ ይጀምራል፤ አፍ መቁጠር ላይ። 590 ሰው በያዘው ስንቅ ሁለት ዓመት ገደማ ቆየ። ቤተሰቡ ሁሉ እዚያው ቢሆን ኖሮ ስንት ወር እንደሚቆይ አስቡት።

በ429 ከአቴንስ ጋር ጦርነት ላይ የነበረችው፣ የቴብስ ወዳጅ የስፓርታ ንጉሥ አርኪዳሞስ ጦሩን ይዞ መጣ። መጀመሪያ ሊያግባባ ሞከረ። ቤታችሁንና ዛፋችሁን ቆጥራችሁ አስረክቡን፣ ጦርነቱ ሲያልቅ እንመልስላችኋለን አለ። እነሱ ግን ሚስትና ልጆቻቸው ያሉት አቴንስ ነው። አቴንስን ጠየቁ፣ አቴንስ ጽኑ አለች። መልሱን ከቅጥሩ ላይ ሆነው ነገሩት።

ስፓርታውያን ዛፍ ቆርጠው ከተማዋን አጠሩና ከቅጥሩ ሥር አፈር መቆለል ጀመሩ። ከኪታይሮን ግንድ እያመጡ አፈሩ እንዳይናድ ግራና ቀኙን እንደ መረብ አደራርበው ያዙት። መሐሉን በእንጨት፣ በድንጋይና በአፈር ሞሉ። 70 ቀንና ሌሊት በፈረቃ፤ ግማሹ ሲሸከም ግማሹ ይበላል፣ ይተኛል። ቁልሉ ከቅጥሩ ጫፍ እኩል ሲሆን ተራምደው ሊገቡ ነው።

ውስጥ ያሉት ምን አደረጉ? መጀመሪያ ቁልሉ በሚመጣበት በኩል ቅጥሩን ከፍ አደረጉ። የእንጨት ማዕቀፍ አቆሙና ውስጡን በጡብ ሞሉት። ጡቡን ከየት አመጡት? በቅርብ ያሉትን ቤቶቻቸውን አፍርሰው። የሚቃጠል ቀስት ቢመጣ እንጨቱ እንዳይነድ፣ ሠራተኛውም እንዳይመታ በቆዳ ሸፈኑት። ውጪ ያለው አፈር ከፍ ሲል ውስጥ ያለው ግንብም ከፍ ይላል።

ቀጥሎ ብልጠት መጣ። ቁልሉ ቅጥሩን በሚነካበት ቦታ ቅጥሩን ከሥር በስተው አፈሩን ወደ ውስጥ መዛቅ ጀመሩ። ስፓርታውያን ነቁ። ጭቃ በሸምበቆ ጠቅልለው ክፍተቱ ውስጥ ወተፉት፣ እንደ አፈር በቀላሉ እንዳይወሰድ። ፕላታያውያን ይሄን ተዉት። ከከተማው ውስጥ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ርቀቱን በግምት ይዘው፣ ከቁልሉ ሥር ወጡ። ከላይ የሚጣለውን አፈር ከታች ይሰርቁ ገቡ። ውጪ ያለው ሠራተኛ ቅርጫት ሙሉ እያመጣ ይደፋል፣ ቁልሉ ግን ቁጭ ይላል። ለረጅም ጊዜ አልነቁም።

ሳቅ ሊያመጣ ይችላል፣ ግን አለቆቹ አልተዘናጉም። ውጪ ያለው ሰው እጅግ ብዙ ነው፣ የሚሰረቅ አፈር ደግሞ ልክ አለው። ስለዚህ ከፍ ያለውን ቅጥር መሥራት አቁመው፣ ከበስተኋላው ዝቅ ካለው የድሮ ቅጥር ተነስተው ወደ ከተማው የሚያጎነብስ ሌላ ቅጥር በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ሠሩ። ትልቁ ቢያዝ ይሄኛው ይቀራል። ጠላት አዲስ ቁልል ከዜሮ መጀመር ሊኖርበት ነው፤ ያውም ጨረቃዋ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣ ከግራና ከቀኝ እየተመታ። ለእኔ ከሁሉም ዘዴያቸው ይሄ ይበልጣል። የአፈር ስርቆቱ እየሠራ ሳለ ባይሠራስ ብሎ ማሰብ ቀላል አይደለም።

ስፓርታውያን የግንብ መደርመሻ ግንድ አመጡ። አንደኛው ቁልሉ ላይ ወጥቶ ከፍ ያለውን ክፍል ክፉኛ ናደው። ፕላታያውያን አንዳንዱን በገመድ ቋጠሮ አንገቱን ይዘው ወደ ላይ ሰበሩት። ለሌላው ደግሞ ትልቅ ግንድ በሁለት ጫፉ በረጅም የብረት ሰንሰለት አስረው፣ ከቅጥሩ ወደ ውጪ ከተዘረጉ ሁለት ምሰሶዎች ላይ አንጠለጠሉት። መደርመሻው ሊመታ ሲመጣ ሰንሰለቱን ይለቁታል። ግንዱ ወርዶ የመደርመሻውን አፍንጫ ይገነጥለዋል።

ቀጠለ እሳት። ስፓርታውያን በቁልሉና በቅጥሩ መሐል ጭራሮ ሞሉ፣ ከዚያ አልፈው እጃቸው እስከደረሰበት ወደ ከተማው ወረወሩ፣ ድኝና ዝፍት ጨምረው ለኮሱት። እስከዚያ ቀን ሰው አውቆ ያነደደው እንደዚያ ያለ እሳት ታይቶ አያውቅም ይላል ታሪክ ጸሐፊው። ነፋስ ቢነሳ ሁሉም ነገር በዚያው ባበቃ ነበር። ነፋሱ አልመጣም። ነጎድጓድና ከባድ ዝናብ መጥቶ አጠፋው ይባላል። ብልሃት ሁሉ ባለቀበት ቦታ ዕድል ታስፈልጋለች።

አሁን አርኪዳሞስ በጉልበት ተስፋ ቆረጠ። ወደ ሁለተኛው መንገድ ዞረ፤ መጠበቅ። ከተማዋን በሁለት ቅጥር ከበባት። አንዱ ወደ ፕላታያ ያያል፣ ሌላው ከአቴንስ ለሚመጣ ረዳት ጦር ጀርባውን ይጠብቃል። በሁለቱ መካከል 5 ሜትር ገደማ አለ። እሱም ለጠባቂዎች ክፍል ክፍል ተሠራበት። ከሩቅ ሲታይ አንድ ወፍራም ግንብ ይመስላል። በየ10 የቅጥር ጥርሱ (በግንቡ ጫፍ ብቅ ብቅ ባለው መከለያ) አንድ ማማ አለ፣ ማማውም የግንቡን ወርድ ሙሉ የያዘ ነው። ከውስጥም ከውጪም ቦይ ተቆፍሯል፣ ጡቡም የተሠራው ከዚያው አፈር ነው። ጠባቂዎቹን አቁሞ አብዛኛው ጦር ወደ አገሩ ሄደ።

መጨረሻውን አሁኑኑ ልንገራችሁ። ከተማዋ በ427 በራብ ወደቀች። ከስፓርታ አምስት ዳኞች መጥተው እያንዳንዱን ሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፦ በዚህ ጦርነት ለስፓርታና ለወዳጆቿ ያደረግከው በጎ ነገር አለ? የለም ያለው ሁሉ ተገደለ። ከ200 የማያንሱ ፕላታያውያንና 25 አቴናውያን። ሴቶቹ ለባርነት ተሸጡ። ከተማዋ በኋላ ከመሠረቷ ፈረሰች።

ግን ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት አንድ ነገር ሆነ። ስንቅ እያለቀ ነው፣ ከአቴንስ ረዳት አይመጣም። ሁለት ሰዎች፣ ትንቢት ተናጋሪው ቴያኔቶስና ከጦር አዛዦቹ አንዱ ኤውፖምፒደስ፣ ግንቡን ዘለን እንውጣ አሉ። መጀመሪያ ሁሉም ተስማማ። ቆይቶ ግማሹ ፈራ። 220 ገደማ የሚሆኑት በፈቃዳቸው በሐሳቡ ጸኑ። ማንንም ያስገደደ የለም።

መሰላል ያስፈልጋል። ቢያጥር አይደርስ፣ ቢረዝም ይታያል። የጠላትን ግንብ ቁመት ግን ሄዶ የሚለካ የለም። ስለዚህ ጡብ ቆጠሩ። ግንቡ ወደ እነሱ ባለው በኩል በደንብ ያልተለሰነ ቦታ ነበረው። ርቀቱም ብዙ ስላልሆነ የጡቡ ረድፍ ይታያል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ይቆጥራል፣ ደጋግሞም ይቆጥራል። አንዳንዱ ይሳሳታል፣ አብዛኛው ግን ትክክለኛው ላይ ይገናኛል። የአንዱን ጡብ ውፍረት ገምቶ ማባዛት ነው የቀረው።

እኔ እንኳን ይህን ካነበብኩ በኋላ ከመስኮቴ ፊት ለፊት ያለውን ያልተለሰነ የብሎኬት ግንብ ለመቁጠር ሞክሬ ነበር። ሦስቴ ቆጠርኩ፣ ሦስት የተለያየ ቁጥር አገኘሁ። ያውም ሻይ እየጠጣሁ፣ ማንም ሳይተኩስብኝ።

ጠባቂዎቹን አጥንተዋል። ዶፍና ነፋስ ሲሆን ከግንቡ ላይ ወርደው ማማ ውስጥ እንደሚጠለሉ ያውቃሉ። ስለዚህ ዝናብ፣ ነፋስና ጨለማ አንድ ላይ የገጠሙበትን ሌሊት ጠበቁ። መሣሪያቸው እንዳይጋጭ ተራርቀው ሄዱ። ጭቃው እንዳያዳልጣቸው የግራ እግራቸውን ብቻ ተጫሙ። መሰላል የያዙት ቀደሙ። ከዚያ አሜያስ የሚባል ሰው የሚመራቸው 12 ሰዎች፣ ጥሩርና ጩቤ ብቻ ይዘው። ከኋላቸው ጦር የያዙ። የእነሱን ጋሻ ሌሎች ተሸከሙላቸው።

ብዙዎቹ ከወጡ በኋላ አንዱ የቅጥሩን ጥርስ ሲይዝ ሸክላ ወደቀ። ጩኸት ተነሳ። ሁሉም ወደ ግንቡ ሮጠ፣ ማንም ግን ምን እንደሆነ አያውቅም። በዚያው ቅጽበት ከተማ ውስጥ የቀሩት በተቃራኒው በኩል ወጥተው ቅጥሩን መቱ። ጠባቂዎቹ ወደ ቴብስ የእሳት ምልክት አነሱ። ከተማዋ ውስጥ ያሉት ደግሞ ቀድመው ያዘጋጁትን ብዙ ችቦ አነሱ፣ ቴቦች ምልክቱን እንዳያነቡት። ፈርተው የቀሩ የተባሉት ናቸው ይህን ያደረጉት።

የወጡት ሁለት ማማ ይዘው ሌላውን አሳለፉ። ለድንገተኛ የተዘጋጁ 300 ወታደሮች ችቦ ይዘው መጡ። ችቦው ግን የረዳው ፕላታያውያንን ነው። እነሱ ጨለማ ውስጥ፣ ከቦዩ ዳር ቆመው፣ ብርሃን የያዘውን እያዩ ይወረውራሉ። ቦዩ ላይ በረዶ ነበር፣ ግን ሰው የሚሸከም አልነበረም። ውሃው እስከ አንገት እየደረሰ ተሻገሩት።

ከዚያ ወዴት? አቴንስ በተራራው በኩል ነው። እነሱ ግን የቴብስን መንገድ ያዙ፣ ማንም ወደ ጠላቱ ቤት ይሸሻል ብሎ አይጠረጥርምና። ዞር ብለው ሲያዩ አሳዳጁ ችቦውን ይዞ በኪታይሮን መንገድ ሽቅብ ሲሮጥ ታያቸው። ከአንድ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ከሄዱ በኋላ ወደ ተራራው ታጠፉ። 212 ሰው አቴንስ ገባ። ውጪኛው ቦይ ላይ አንድ ቀስተኛ ብቻ ተያዘ። ጥቂቶች ግንቡን ሳይሻገሩ ተመልሰው ነበር።

እነዚያ የተመለሱት አንድም ሰው አልተረፈም ብለው ተናገሩ። ሲነጋ ከተማው አስከሬኑን አንስቶ ለመቅበር ፈቃድ የሚጠይቅ መልእክተኛ ወደ ጠላት ላከ። አስከሬን እንደሌለ ያወቁት ያን ጊዜ ነው።