የአራት ኪሎው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ እና የላይኛው ከባቢ አየር ጥናት

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአራት ኪሎ ግቢ የሚገኘው ጂኦፊዚካል ኦብዘርቫቶሪ የምድርን መንቀጥቀጥና የምድርን ማግኔታዊ መስክ ለመመዝገብ የተቋቋመ የጥናት ተቋም ሲሆን፣ ዛሬ በዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ፣ የህዋ ሳይንስና የሥነ ፈለክ ኢንስቲትዩት ሥር ይገኛል። ብዙው ሰው የሚያስታውሰው መሬት ሲንቀጠቀጥ ብቻ ነው፤ በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የሚነሣው ርዕደ መሬት የመዲናዋን ፎቆች በነቀነቀ ቁጥር ስሙ ሲነሣ ሰንብቷል (በዚህ ጽሑፍ ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። በዓለም አቀፉ የህዋ ፊዚክስ ማኅበረሰብ ዘንድ ግን አዲስ አበባ የምትታወቀው ከእግር በታች ባለው ሳይሆን ከራስ በላይ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በሚሆነው ነገር ነው።

ኦብዘርቫቶሪው የተቋቋመው ከሐምሌ 1957 እስከ ታኅሣሥ 1958 የተካሄደውን ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተከትሎ ነው። በዚያ ወቅት በርካታ አገሮች ምድርንና ከባቢ አየሯን በአንድ ጊዜና በተቀራራቢ መሣሪያ ለመለካት ተስማምተው ነበር፤ የሶቪየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስፑትኒክን ያመጠቀችውም በዚሁ ዘመቻ ውስጥ ነው። ጊዜው የተመረጠው ፀሐይ በ11 ዓመት ዑደቷ ከፍተኛ እንቅስቃሴ ላይ የምትደርስበት ሆኖ ሲሆን፣ ያ ዑደት የፀሐይ ነጠብጣቦች መቆጠር ከጀመሩ ወዲህ ከታዩት ሁሉ የበረታ ሆኖ ተገኘ። የያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በካናዳ ኢየሱሳውያን መነኮሳት ይመራ ነበር፤ ከእነርሱ አንዱ የሆኑት አባ ፒየር ጉዌን ኦብዘርቫቶሪውን አቋቁመው ለረጅም ዘመን መርተዋል። የእርሳቸው ስም ይበልጥ የሚነሣው ከኢትዮጵያ የርዕደ መሬት ታሪክ ጋር ቢሆንም፣ የማግኔት መዝገቡን ያስጀመረውም ያው ተቋም ነው።

አዲስ አበባን ለዚህ ጥናት ተፈላጊ ያደረጋት የተሠራው ሕንፃ ወይም የተገዛው መሣሪያ ሳይሆን የቆመችበት ቦታ ነው። ከተማዋ ከጂኦግራፊያዊው የምድር ወገብ ወደ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ርቃ ብትገኝም፣ የማግኔት መስመሮች ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብሉ ከምድር ገጽ ጋር ትይዩ የሚተኙበት ማግኔታዊ ወገብ ግን በአቅራቢያዋ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ የቆመ ቋሚ መመዝገቢያ በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ በአፍሪካ ደግሞ እጅግ ጥቂት። በደቡብ አሜሪካ አቻ የሚሆነው በ1922 ሥራ የጀመረው የፔሩው የዋንካዮ ኦብዘርቫቶሪ ሲሆን፣ የማግኔት መስኩ ቀን ቀን ከሌላው ቦታ በእጅጉ ከፍና ዝቅ እንደሚል በመጀመሪያ የታየው እዚያ ነበር። የክስተቱ መንስኤ የሆነውን ጠባብ የኤሌክትሪክ ጅረት እንግሊዛዊው ሲድኒ ቻፕማን በ1951 የምድር ወገብ ኤሌክትሮጄት ብሎ ሰየመው።

የዚህ ጅረት አፈጣጠር ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የፀሐይ አልትራቫዮሌትና ኤክስ ጨረር ከላይኛው አየር ሞለኪውሎች ኤሌክትሮን እየነጠቀ አዮኖስፌር የሚባለውን ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ክፍል ይፈጥራል። ከፀሐይ ሙቀት የሚነሡ ታላላቅ ነፋሳት ይህን ክፍል በምድር ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ሲገፉት እንደ ዲናሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ በዚህም ቀን ላይ ወደ ምሥራቅ የሚያመለክት የኤሌክትሪክ መስክ ይኖራል። በማግኔታዊው ወገብ ላይ የማግኔት መስመሮቹ ወደ ሰሜን ተጋድመው ስለሚሄዱ ቀላሎቹ ኤሌክትሮኖች ወደ ላይ ሲንሳፈፉ፣ ከባዶቹ አዮኖች ከአየሩ ጋር እየተጋጩ ወደ ኋላ ይቀራሉ። የንብርብሩ አናትና ግርጌ ደካማ አስተላላፊ በመሆኑ ቻርጁ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፤ ከክምችቱ የሚፈጠረው ቀጥ ያለ መስክ ደግሞ ኤሌክትሮኖቹን ወደ ምዕራብ ይነዳቸዋል፤ ጅረቱም በተቃራኒው ወደ ምሥራቅ ይጎርፋል ማለት ነው። ከ100 እስከ 110 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከማግኔታዊው ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እያንዳንዱ 3 ዲግሪ ያህል በሚሰፋ ቀበቶ ውስጥ ብቻ የሚፈስሰው ይህ ጅረት ነው።

አራት ኪሎ ያለው ማግኔቶሜትር (የማግኔት መስክ መለኪያ መሣሪያ) ይህን ሁሉ የሚያየው በጥላው ነው ቢባል ያስኬዳል። የመስኩ ጠቅላላ ጥንካሬ ወደ 36,000 ናኖቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ አሃድ) ሲጠጋ፣ ፀጥ ባለ ቀን አግድም የሆነው ክፍሉ ከንጋት ጀምሮ እየወጣ ከረፋዱ 5 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርስና ወደ ማታ ይወርዳል፤ ጭማሪው በአሥሮች የሚቆጠር፣ አንዳንዴም ከ100 ናኖቴስላ የሚያልፍ ነው። አንዳንድ ቀን ጅረቱ ተገልብጦ ወደ ምዕራብ ይፈስሳል፤ ያን ጊዜ መስመሩ ከሌሊቱ መነሻ በታች ይሰምጣል። አንድ ጣቢያ ብቻውን ግን ኤሌክትሮጄቱን ከሌሎች የህዋ ጅረቶች ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። ስለዚህ ከቀበቶው ውጭ በተመሳሳይ ኬንትሮስ ላይ ሁለተኛ ጣቢያ ያስፈልጋል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የህዋ ፊዚክስ ተመራማሪ እንዳወቀ ይዘንጋው ከባልደረቦቹ ጋር የዘረጋው አምበር የተሰኘ የአፍሪካ የማግኔቶሜትር መረብ አንዱን መሣሪያ አዲግራት ላይ የተከለው ለዚህ ነው፤ ከአዲስ አበባው ንባብ የአዲግራቱ ሲቀነስ የሚቀረው የኤሌክትሮጄቱ ድርሻ ሲሆን፣ ከእርሱም አዮኖስፌሩ በምን ፍጥነት ወደ ላይ እንደሚንሳፈፍ ይገመታል።

መዝገቡ ዋጋ የሚኖረው ግን ዛሬ የተነበበው ቁጥር ከ50 ዓመት በፊት ከተነበበው ጋር ሲወዳደር ነው። አውቶማቲክ መሣሪያዎች የሚመዘግቡት ለውጥን ብቻ በመሆኑና በሙቀትም ሆነ በዕድሜ ቀስ በቀስ ስለሚሳቱ፣ የሰው እጅ በየጊዜው ማረም አለበት። በማግኔት ኦብዘርቫቶሪዎች የተለመደው አሠራር ይህ ነው፦ ተመልካቹ ቁልፉን፣ ስልኩን፣ ሰዓቱንና ዘለበት ያለውን ቀበቶውን ውጭ ትቶ ብረት ወዳልነካው ክፍል ይገባል፤ ማግኔት የማይስብ ቴዎዶላይቱን (የማዕዘን መለኪያ ቴሌስኮፕ) ርቆ በቆመ ቋሚ ምልክት ላይ ያነጣጥራል፤ ከዚያ በቴሌስኮፑ ላይ የተገጠመው ዳሳሽ ዜሮ እስኪያነብ ድረስ እያዞረ የመስኩን አቅጣጫ ይለካል፤ ጥንካሬውን ደግሞ የፕሮቶን ማግኔቶሜትር ይሰጠዋል። ሥራው አሰልቺ ነው፤ በጥናት ወረቀት ላይም ስም አያስጽፍም። ሆኖም ያለ እርሱ የአሥርታት መስመር የሚባል ነገር አይኖርም። የአዲስ አበባ መረጃ ከፓሪስ የምድር ፊዚክስ ኢንስቲትዩት ጋር በሚደረግ ትብብር ለዓለም አቀፉ ኢንተርማግኔት መረብ ይቀርባል።

በከተማ መሐል መሆኑ ችግርም አለው። የሚያልፍ መኪና፣ የፎቅ ብረት፣ የአሳንሰር ሞተር፣ በመሬት ውስጥ የሚሾልክ ቀጥተኛ ጅረት፣ ሁሉም ለማግኔቶሜትር ሁከት ናቸው። በሌሎች አገሮች ከተሞች ሲሰፉ ኦብዘርቫቶሪዎች ወደ ገጠር ተዛውረዋል፤ ያን ጊዜ ግን አሮጌውና አዲሱ ጣቢያ ጎን ለጎን ለዓመታት ካልሠሩ የመዝገቡ ተከታታይነት ይቋረጣል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁከት ያለበት ያልተቋረጠ መዝገብ ንጹሕ ሆኖ ከተቋረጠ ይሻላል፤ የኤሌክትሮጄቱ ምልክት ከከተማው ሁከት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነውና።

ፀሐይ ስትጠልቅ ታሪኩ ይለወጣል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ግድም የላይኛው አዮኖስፌር ለአጭር ጊዜ በፍጥነት ወደ ላይ ይነሣል፤ በሥሩ የሚቀረው ስስ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ የተነጠሉበት ጋዝ) ደግሞ ከባዱን እየሰነጠቀ እንደ አረፋ ይወጣል። በእነዚህ አረፋዎች ውስጥ የሚያልፍ የጂፒኤስ ሞገድ እንደ ኮከብ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ተቀባዩም ሳተላይቱን ሊያጣ ይችላል። በአፍሪካ ዘርፍ ይህ የሚበዛው ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑባቸው በመጋቢትና በመስከረም ወራት አካባቢ ነው። በመተግበሪያ ለሚሠራ የታክሲ ሹፌር የጥቂት ሜትር ስሕተት ቁም ነገር አይደለም፤ በሴንቲሜትር ልክ ለሚሠራ የመሬት ቀያሽ ወይም የአውሮፕላን ማረፊያ አቀራረብን ለሚያቅድ ባለሙያ ግን ነው።

ቀን ላይ የሚያሰጋው የፀሐይ ፍንዳታ ነው። የፍንዳታው ኤክስ ጨረር በ8 ደቂቃ ገደማ ደርሶ የታችኛውን አዮኖስፌር ያወፍረዋል፤ አውሮፕላኖች ለሩቅ ግንኙነት የሚጠቀሙበት አጭር ሞገድ ሬዲዮም ይዋጣል። ፀሐይ አናት ላይ በምትወጣበት አገር ጉዳቱ ይበረታል። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከኅዳር 2019 ጀምሮ የህዋ አየር ሁኔታ ማሳሰቢያ የሚያወጡ ማዕከላትን ያሠማራው በዚህና በመሰል ምክንያቶች ነው።

በዚህ መስክ የተሠማራ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ መንገዱ ባመዛኙ አንድ ዓይነት ነው፦ የመጀመሪያ ዲግሪ ፊዚክስ አገር ውስጥ፣ ዶክትሬት ባሕር ማዶ፣ ከዚያ ወይ መቅረት ወይ መመለስ። ከተመለሱት መካከል ዶክተር ባይሌ ዳምጤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ ዩኒቨርሲቲው ዋሸራ የተሰኘውን የህዋና የራዳር ሳይንስ ላቦራቶሪ የያዘ ነው። አዲስ አበባም በ2007 የዓለም አቀፉ የሄሊዮፊዚክስ ዓመት ዐውደ ጥናት፣ በ2012 ደግሞ የአሜሪካ ጂኦፊዚካል ኅብረት የቻፕማን ጉባኤ ተካሂዶባታል። የእንጦጦው የሥነ ፈለክ ኦብዘርቫቶሪ ከዚህ የተለየ ነው፤ እርሱ በቴሌስኮፕ ከዋክብትን ይመለከታል እንጂ አዮኖስፌርን አይለካም።

የአሁኑ 25ኛው የፀሐይ ዑደት ከፍተኛ ጊዜው ላይ መድረሱ በጥቅምት 2024 ተገልጿል፤ በዚያው ዓመት ግንቦት የደረሰው የማግኔት ማዕበል በሁለት አሥርታት ውስጥ ከታዩት ብርቱው ነበር። በመጪዎቹ የማሽቆልቆል ዓመታት ከፀሐይ ዘውድ (ውጫዊ ከባቢዋ) ቀዳዳዎች የሚወጣው ፈጣን ነፋስ በየ27 ቀኑ ገደማ እየተመለሰ መለስተኛ ማዕበል ያስነሣል። እንዲህ ያለው ማዕበል በአዲስ አበባ ላይ የምሽቱን አረፋ መቼ እንደሚያግድና መቼ እንደሚያባብስ ለመለየት የሚያገለግለው ደግሞ ከአራት ኪሎ የሚወጣው የየዕለቱ መስመር ነው።