የስደት ሐውልት ምንድን ነው?

«ሐውልት» ስንል አደባባይ ላይ የቆመውንም፣ መቃብር ላይ የተተከለውንም ማለታችን ነው። የስደት ሐውልት የሚባለውን የጥበብ ሥራ ለመረዳት ይህ የቃላችን ድርብ ትርጉም ይበቃል። ድንበር ሲሻገሩ ስለሞቱ፣ ስለታገዱ ወይም እንደምንም ስላለፉ ሰዎች ሕዝብ በሚመላለስበት ቦታ የሚቆም ቅርፃ ቅርፅ ነው። አደባባይ ይቆማል፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ የመቃብር ድንጋይ ሥራ ነው።

የአዲስ አበባ መሀል ሐውልት አላጣም። ጊዮርጊስ አጠገብ ዐፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ አሉ፤ ከዚያ ብዙም ሳይርቅ አቡነ ጴጥሮስ፣ ስድስት ኪሎ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት በቀጥታ የድንበር ሐውልት ነው፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁትን ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ያስባል። ድንበሩን ሲጠብቅ የወደቀው ተዘክሯል። እንጀራ ፍለጋ ድንበሩን አቋርጦ በዚያው የቀረውን ግን ከእነዚህ አንዱም አያስበውም።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስብ ሐውልት ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት ላምፔዱዛ የተባለችውን የጣሊያን ደሴት እንመልከት። በደሴቲቱ ዳርቻ ቁመቱ 5 ሜትር የሚጠጋ በር ቆሟል። ቤት የለውም፣ ግድግዳ የለውም፤ ክፍቱን ባሕሩን ይመለከታል። ሚሞ ፓላዲኖ የተባለው ጣሊያናዊ ቀራጺ ከሸክላና ከብረት የሠራው ሲሆን፣ በ2000 ዓ.ም. ባሕር ለበላቸው ስደተኞች መታሰቢያ እንዲሆን ተመረቀ። በሩ ላይ ጫማና ጎድጓዳ ሳህን የመሳሰሉ የዕለት ኑሮ ዕቃዎች ተቀርጸዋል። በእኛ ሀገር መርዶ መጥቶ አስከሬን ሳይመጣ ሲቀር የሟቹ ልብስና ፎቶግራፍ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ እናት እርሱን አቅፋ ታለቅሳለች። እነዚያ ጫማዎች ለእኔ ያ ልብስ ናቸው። መስከረም 23 ቀን 2006 ዓ.ም. በዚያችው ደሴት አቅራቢያ አንድ ጀልባ ሰጥሞ 368 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ኤርትራውያን ነበሩ። በሩ ቀድሞ ቆሞ ነበር።

የተቀመጠበት ቦታ የሐውልቱ ግማሽ አካል ነው የምለው ለዚህ ነው። ያው በር ከአንድ ሆቴል ፊት ለፊት ቢቆም ጌጥ ይሆናል። ቦታ ሲሳሳት ምን እንደሚሆን ደግሞ ቬኒስ ላይ ታይቷል። ሚያዝያ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በሜዲትራኒያን ባሕር ከ700 የማያንሱ ሰዎችን ይዛ የሰጠመችውን ጀልባ፣ ክሪስቶፍ ቢውሼል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አርቲስት በ2011 ዓ.ም. በዚያች ከተማ ታላቅ የጥበብ ትርኢት ላይ አቆማት። አጠገቧ ሰዎች ቡና የሚጠጡበት ቦታ ነበር፤ የምንነቷ ማብራሪያም ፊቷ አልተለጠፈም። ዝምታው ሆን ተብሎ የተደረገ ነው ብለው የተከራከሩ አሉ። እኔ ግን አልቀበለውም። ሰው ያለቀበት ዕቃ ያለ ስም፣ ያለ ለቅሶ ለዕይታ ሲቀርብ ሟቹን ሁለተኛ ጊዜ መርሳት ይሆናል።

የስደት ሐውልት ሐዘን ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሮናልድ ራኤልና ቨርጂኒያ ሳን ፍራቴሎ የተባሉ የሥነ ሕንፃ ባለሙያዎች በአሜሪካና በሜክሲኮ የድንበር አጥር ብረቶች መካከል ሁለት ሰው ጫፍና ጫፍ ተቀምጦ ከፍ ዝቅ የሚልባቸው ሦስት ሮዝ መጫወቻዎች አሳለፉ። ከወዲያ ያለው ሲወርድ ከወዲህ ያለው ይነሣል። መጫወቻዎቹ አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከአጥሩ ተነቀሉ፤ በዚያች ጊዜ ግን አጥሩ የመጫወቻው ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል። ቫቲካን አደባባይ ላይ በመስከረም 2012 ዓ.ም. የተመረቀው የቲሞቲ ሽማልዝ የነሐስ ሥራ ደግሞ የልዩ ልዩ ዘመናት 140 ስደተኞችን በአንድ ጀልባ አጭቋል፤ ማርያምና ዮሴፍም አብረው አሉ። በጽጌ ጾም የእመቤታችንን ስደት ለሚያስብ የእኛ ምእመን ይህ ብዙ ማብራሪያ አያሻውም።

አዲስ አበባ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ይቁም ቢባል የምመርጠው ለገሃርን ነው። በባቡር ጣቢያው ፊት ያለው የይሁዳ አንበሳ ራሱ ድንበር አቋርጦ የተመለሰ ነው፤ በወረራው ዘመን ተነቅሎ ሮም ተወስዶ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ብዙ ዓመት ቆይቶ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጣቢያው የመሄጃና የመመለሻ ቦታ ነበር። ሐውልቱ ከፍ ብሎ እንዲቆም አልፈልግም። እናት እጇን ዘርግታ የምትነካው፣ ደክሟት የምትቀመጥበት ጠርዝ ያለው ይሁን። ቬኒስ ላይ የቆመችው ጀልባ በሰጠመች ማግሥት፣ ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.፣ ሊቢያ ውስጥ ስለተገደሉት ወገኖቻችን መርዶ ሲሰማ ድንኳን የተተከለበት ቂርቆስ ከዚያ በእግር የሚደረስ ነው።