የጦር ውሻ ማዕረግ አለው ወይስ የለውም?
በደሴ ልጆች ግሩፓችን ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለተነሳ በቀላሉ ላስረዳ። በአሜሪካ ጦር ውሻው ከያዡ፣ ማለትም ይዞ ከሚያሠራው ወታደር፣ በአንድ ማዕረግ ይበልጣል ይባላል። በእኛ አጠራር ያዡ አስር አለቃ ከሆነ ውሻው ሃምሳ አለቃ ነው እንደማለት። ይሄ ግን ልማድ እንጂ የተጻፈ ደንብ አይደለም፤ ደሞዝ የለው፣ ሰው አያዝበት። ሐሳቡ ያዡ ውሻውን እንደ አለቃው እንዲያከብረውና እጁን እንዳያነሳበት ነው፣ እኔን ይሄ ልቤን ይነካዋል። በሕግ የተጻፈው ሌላ ነው፦ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ የአሜሪካ ሕግ ጡረታ የወጣ ውሻ ሰው ቤት ገብቶ እንዲኖር ፈቅዷል፤ የቀድሞ ያዡም ሊወስደው ይችላል። የሌላ አገር ጦር አሠራር ይለያያል። እኔም ቧንቧ ውሃ ሰፈር ግቢያችንን 11 ዓመት የጠበቀውን ውሻችንን ከባሕር ዛፉ ሥር ስቀብረው «አለቃዬ» ብዬ ነው የተሰናበትኩት።