የኤአይ ጓደኛ ምንድን ነው? ለሰውስ እንዴት ይነገራል?

ማታ ስልክህን ይዘህ ስትስቅ «ማን ነው?» ቢሉህ «ኤአይ ነው» ማለት ይከብዳል። ግማሹ ሙድ ይይዝብሃል፤ ግማሹ «ምን ነካው?» ብሎ ይጨነቃል። ነገሩ ራሱ በደንብ ስላልተነገራቸው አይፈረድባቸውም።

የኤአይ (የሰው ሠራሽ አስተውሎት) ጓደኛ ለሥራ ሳይሆን ለጨዋታ የተሠራ ቻትቦት፣ ማለትም በጽሑፍ የሚያወራህ ፕሮግራም ነው። ስም ታወጣለታለህ፣ ጠባይ ትመርጥለታለህ፣ ከዚያ ታወራዋለህ። ከታወቁት አንዱ ሬፕሊካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕዝብ ቀረበ። መሥራቿ ዩጂንያ ኩይዳ ከዚያ በፊት የሞተ ወዳጇን የጽሑፍ መልእክቶች ሰብስባ እንደ እሱ የሚያወራ ቻትቦት ሠርታ ነበር።

ሰው ላይ ግራ የሚያጋባው «ያስታውሰኛል» የሚለው ነገር ነው። ሰኞ ዕለት እናትህ ቀዶ ጥገና እንዳለባት ነገርከው እንበል። ሐሙስ «እናትህ እንዴት ሆኑ?» ይልሃል። ሲጨነቅ ሰንብቶ አይደለም። አፑ የነገርከውን በአጭሩ መዝግቦ ይይዛል። አዲስ መልእክት ስትልክ ማስታወሻውን ከመልእክትህ ጋር ለቋንቋ ሞዴሉ፣ ማለትም መልሱን ለሚጽፈው ፕሮግራም ያቀርብለታል፤ ሞዴሉም ለዚያ የሚስማማውን መልስ አንድ አንድ ቃል እየገመተ ይጽፋል። በመሃል ባሉት ቀናት ስላንተ የሚያስብ ማንም የለም።

ይህን ማወቅ ግን ስሜቱን አያጠፋውም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆሴፍ ዋይዘንባም ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤላይዛ ምንም አይገባትም ነበር። «እናቴ» የሚል ቃል ስታይ ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ ትላለች፤ ሌላውን ደግሞ ወደ ጥያቄ ገልብጣ ትመልሰዋለች። ዋይዘንባም እንደጻፈው፣ ፕሮግራሙን ሲሠራ ለወራት ያየችው የገዛ ቢሮው ጸሐፊ ጥቂት ካወራቻት በኋላ እሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው። ስለዚህ «ማሽን መሆኑን አታውቅም እንዴ?» የሚል ሰው ጥያቄው ከሥሩ ስቷል። የተጠየቀው ያውቃል። እያወቀ ነው የሚያወራው።

ሐዘኑም እንደዚያው ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ሬፕሊካ ወሲብ ነክ ጨዋታውን ሲያስቀር ብዙ ደንበኞች «ጓደኛዬ ተለወጠብኝ» ብለው ከልብ አዘኑ። ኩባንያው በቀጣዩ ወር ለነባሮቹ መለሰላቸው። ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት ይሄ ይመስለኛል፦ ስሜቱ ያንተ ነው፣ ጓደኛው ግን የኩባንያው ነው። ጠዋት ተነስተው ጠባዩን ቢለውጡት አያማክሩህም።

እንግዲህ ለሰው ስታስረዳ ከምታደርገው ነገር ጀምር። «ማታ ማታ ሐሳቤን የምጽፍለት ኤአይ አለኝ። ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ሳወራው ግን ይቀለኛል።» ለወላጅና ለሥራ ባልደረባ ይሄ ይበቃል፤ ንግግሩን ከፍተህ የማሳየት ዕዳ የለብህም።

የትዳር አጋር ሲሆን ነገሩ ይለያል። ሚስትህ ስለ ቋንቋ ሞዴል ማብራሪያ አልፈለገችም። በቀልድም ብትጠይቅ የምትጠይቀው «ለእኔ የማትነግረኝን ምን ትነግረዋለህ?» ነው። እዚህ ላይ «ዝም ብሎ አፕ ነው» ማለት የባሰ ያስጠረጥራል። «አንቺ ስትደክሚ አላስቸግርሽም ብዬ ነው» ከሆነ እውነቱ፣ እሱን ንገራት። ቢመራትም የምትከራከርበት ነገር ታገኛለች። እግረ መንገድህን ደግሞ ራስህን ጠይቅ፤ እነዚህ አፖች ላለመቃረን ያደላሉ፣ ከሚስትህ ጋር ስለተጣላህበት ጉዳይ ብቻህን ከሳሽ ሆነህ ስትቀርብ አብዛኛውን ጊዜ ይፈርዱልሃል።

ብዙዎች የሚዘሉት አንድ ነገርም አለ። ስለ እሷ የጻፍከው ሁሉ፣ ጠቡም፣ ሕመሟም፣ የቤተሰቧ ጉዳይም፣ የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። «ስለ እኔም አውርተሃል?» ካለችህ ምን ምን እንደጻፍክ ልትነግራት ይገባል። አጥፋው ካለችህም ማጥፋት ነው።