ለኅትመት የሚበቃ ግራፍ፦ የቬክተርና የራስተር ምስል አዘገጃጀት

ለኅትመት የሚዘጋጅ ግራፍ በጥናት የተገኘን ቁጥር በመስመር፣ በነጥብና በቀለም ለአንባቢ የሚያሳይ ሥዕል ሲሆን፣ በኮምፒውተር የሚቀመጠው በቬክተር ወይም በራስተር መልክ ነው። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴ ግቢ ወይም በኮምቦልቻ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የመመረቂያ ጽሑፉን ለጆርናል የሚያሰናዳ ተመራማሪ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚጠቀም መወሰን ያለበት ግራፉን መሣል ሲጀምር ነው፤ አንዴ የደበዘዘ ምስል በኋላ አይጠራምና።

የቬክተር ፋይል የሚይዘው የአሣሣሉን መመሪያ ነው። መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ፣ ውፍረቱና ቀለሙም ምን እንደሆነ በቁጥር ስለሚመዘግብ፣ ምንም ያህል ቢጎላ ጠርዙ አይሻክርም። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው ፖስትስክሪፕትና በ1993 የተከተለው ፒዲኤፍ፣ እንዲሁም በ2001 የጸደቀው ኤስቪጂ የተባሉት የፋይል ዓይነቶች የዚህ ወገን ናቸው። ራስተር ግን እንደ ጨርቅ ነው፤ ድርና ማጉ በቅርብ ሲያዩት እንደሚለይ ሁሉ፣ ምስሉም ሲጎላ የተሠራባቸው ፒክሰሎች፣ ማለትም ጥቃቅን ባለ ቀለም ነጥቦች፣ አንድ በአንድ ይታያሉ። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ የክር ጥንካሬ የፈተሸ ሰው ክሩ ሲሳብ ምን ያህል እንደተለጠጠ የሚያሳየውን መስመር በቬክተር፣ በማይክሮስኮፕ ያነሣውን የጥጥ ፋይበር ፎቶ ግን በራስተር ያቀርባል። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ነጥቦች ያሉበት ግራፍ በቬክተር ሲቀመጥ ፋይሉ እጅግ ስለሚከብድ፣ ነጥቦቹን ብቻ ወደ ራስተር ለውጦ ዘንጎቹን (አግዳሚና ቋሚ የመለኪያ መስመሮቹን) እና ጽሑፉን በቬክተር መተው ተገቢ ነው።

በራስተር ትልቁ ጉዳይ የፒክሰል ብዛት ነው። ብዙ ጆርናሎች ለፎቶ 300፣ ፎቶና ጽሑፍ ለተቀላቀለበት ምስል ከ500 እስከ 600፣ ለመስመር ሥዕል ደግሞ ከ1000 እስከ 1200 ነጥብ በኢንች (በአንድ ኢንች ርዝመት የሚሰለፉ ፒክሰሎች ብዛት) ይጠይቃሉ። የአንድ ዓምድ ስፋት 90 ሚሊ ሜትር ያህል ቢሆን፣ ይህ 3.54 ኢንች ስለሆነ ፎቶው በ300 ሲሰላ ወርዱ 1063፣ የመስመር ሥዕሉ በ1000 ሲሰላ 3543 ፒክሰል መሆን አለበት። 600 ፒክሰል ያለውን ምስል «300 ነጥብ በኢንች» ብሎ መሰየም ምንም አይጨምርለትም፤ በፒዲኤፍ ውስጥ መክተትም ቬክተር አያደርገውም። በጄፔግ የተቀመጠ ግራፍ ምስሉ 8 በ8 ፒክሰል እየተከፈለ ስለሚጨመቅ በፊደሎቹ ዙሪያ ጉድፍ ያወጣል፤ ፒኤንጂና ቲፍ ግን መረጃ ሳያጠፉ መጭመቅ ይችላሉ። ዛሬ ፋይሎቻችን የሚመላለሱት በአብዛኛው በቴሌግራም በመሆኑ፣ ግራፍ እንደ ፎቶ ሲላክ እንደሚጨመቅና እንደ ፋይል ሲላክ እንዳለ እንደሚደርስ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል።

ግራፉ መሣል ያለበት በሚታተምበት ስፋት ነው። በ18 ሴንቲ ሜትር ተሥሎ ባለ 10 ነጥብ (ፖይንት፣ የፊደል መጠን መለኪያ) ፊደል የተጻፈበት ግራፍ ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ሲጠብ ፊደሉ 5 ነጥብ ብቻ ይቀራል፤ ለንባብ የሚመቸው ግን ከ7 እስከ 8 ነጥብ ነው።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት ወደሚለዩበት የጋራ መዝገብ፣ ቢገባም፣ የመሣያው ፕሮግራም በራሱ የሚመርጠው ፎንት ፊደላችንን ካልያዘ በዘንጉ ላይ ባዶ ሳጥን ብቻ ይታያል። እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮጵክ ወይም አቢሲኒካ ያለ ፎንት መምረጥና በፒዲኤፉ ውስጥ አብሮ ማስቀመጥ ችግሩን ይፈታል። ከዚህ የሚብሰው የዘመን አቆጣጠር ነው። የደሴን የዝናብ መጠን በወር የሚያሳይ ግራፍ የበልጉንና የክረምቱን ሁለት ከፍታዎች ያወጣል፤ ነገር ግን ሐምሌ የሚጀምረው ጁላይ 8 ስለሆነ፣ የጁላይን ድምር «ሐምሌ» ብሎ መጻፍ ዝናቡ በሚበረታበት ወቅት ላይ የሳምንት ስሕተት ማስገባት ነው። የየዕለቱ መረጃ ካለ እንደ ወራችን ደምሮ መሣል፣ ከሌለ የፈረንጁን ወር ስም መተው ይሻላል። 5 ወይም 6 ቀን ያላት ጳጉሜንም ከ30 ቀን ወር ጋር በእኩል ሚዛን አትቀርብም።

የዘንግ አመራረጥም የእውነት ጉዳይ ነው። የዝናብ ዓምዶች ከዜሮ መጀመር ሲኖርባቸው የሙቀት መስመር ግን ግድ የለውም። ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ስለምትል፣ በ1000 ሜትር ወደ 6.5 ዲግሪ በሚሆነው የሙቀት መቀነስ ሲሰላ በሁለቱ ከተሞች መካከል ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ልዩነት ይጠበቃል። ይህን ልዩነት አንባቢ በዓይኑ የሚያገኘው ሁለቱ መስመሮች በአንድ ቋሚ ዘንግ ላይ ሲሣሉ ነው፤ በግራና በቀኝ የተለያየ ልኬት ከተሰጣቸው አንዱ በሌላው ላይ ሊያርፍም ይችላል።

ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ አንባቢዎች ስላሉ፣ ጽሑፉም በጥቁርና ነጭ ሊባዛ ስለሚችል፣ መስመሮቹን በቀለም ብቻ ሳይሆን በቁርጥራጭና በሙሉ መስመር መለየት ያስፈልጋል። ለሥራው አር (R)፣ የፓይተኑ ማትፕሎትሊብና ግኑፕሎት የተባሉት የግራፍ መሣያ ፕሮግራሞች በነፃ የሚገኙ ሲሆኑ፣ ትእዛዙ ተጽፎ ስለሚቀመጥ ገምጋሚ እርማት ሲጠይቅ ግራፉ በደቂቃ እንደገና ይወጣል። ከመላኩ በፊት ፋይሉን እስከ 800 በመቶ አጉልቶ ጠርዙን ማየት፣ ከዚያም በኤ4 ወረቀት በትክክለኛ መጠኑ አትሞ ትንሹ ፊደል መነበቡን ማረጋገጥ ይገባል።