የተተዉ ፋብሪካዎችና የጦርነት ምሽጎች አውሮፓ ውስጥ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ጀርመን መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ቅዳሜ እረፍት ከሆንኩ የቆሙ ፋብሪካዎችና የድሮ ምሽጎች ማየት ነው ሥራዬ፣ ፎቶ ባሳየሁ ቁጥር ደግሞ ከጓደኞቼ የምሰማው ሁሌ አንድ አይነት ስለሆነ እስቲ አንድ በአንድ ልመልስ።

«ትተውት ከሄዱ ባለቤት የለውም»

አለው። ወይ ማዘጋጃ ቤት ወይ ድርጅት ወይ ግለሰብ በስሙ ይዞታል። እዚህ ጀርመን የታጠረ ግቢ ያለፈቃድ መግባት ወንጀል ነው፣ ቤቱ ጣሪያ ባይኖረውም።

«አጥር ካልዘለልክ ምንም አታይም»

ኧረ ተዉ! ዱይስቡርግ ከተማ በ1985 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተዘጋው የብረት ፋብሪካ አሁን መናፈሻ ሆኗል፣ መግቢያው በነፃ ነው፣ ብረት ይቀልጥበት የነበረው ምድጃ ላይ ወጥተህ ከተማውን ታያለህ፣ የጋዝ ማጠራቀሚያው ደግሞ ውሃ ተሞልቶ ጠላቂዎች ይለማመዱበታል። ፎልክሊንገን ከተማም አለ፣ በ1986 ሥራ ያቆመ ብረት ማቅለጫ ነው፣ ከ1994 ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ቲኬት ቆርጠህ ትገባለህ በቃ።

«አልባኒያ 750 ሺህ ባንከር (የኮንክሪት ምሽግ) አላት»

ይሄን ቁጥር ሁሉም እየተቀባበለ ይለጥፈዋል። አገሪቷን ይገዛ በነበረው ኮሚኒስት በኤንቨር ሆጃ ዘመን የተሠሩት 173 ሺህ ገደማ ናቸው፣ ለእንደዛ አይነት ትንሽ አገር እሱም ቢሆን ስንት ሲሚንቶ ነው።

«ከመቶ ዓመት በኋላ የመድፍ ጥይት ምን ያደርጋል»

ይገድላል። ፈረንሳይ ያለው ቬርደን በአንደኛው የዓለም ጦርነት በ1916 አስር ወር ሙሉ መድፍ የዘነበበት ቦታ ነው፣ ያኔ ሳይፈነዳ የቀረው ዛሬም መሬት ውስጥ አለ፣ መርዝ ጋዝ የያዘም አለበት፣ ፈረንሳይ ውስጥ ገበሬው ሲያርስ አሁንም ይወጣል፣ የፈንጂ ባለሙያዎች በየዓመቱ እየለቀሙ አልጨረሱትም። ዝገቱ አያታላችሁ፣ ስላረጀ አልሞተም፣ እንደውም መቼ እንደሚፈነዳ አይታወቅም። ጫካ ውስጥ ከተፈቀደው መንገድ አትውጡ፣ የዛገ ብረት ካያችሁ በእግራችሁም አትንኩት፣ ራቅ ብላችሁ 112 ደውሉ።

«ምሽጉንም ዋሻውንም የሠሩት ወታደሮቹ ናቸው»

እኔን በጣም የሚያመኝ ይሄ ነው። እዚህ ጀርመን ኖርድሃውዘን ከተማ አጠገብ ተራራ ውስጥ ቪ 2 የሚባለው የናዚዎች የጦር ሮኬት የሚገጣጠምበት ዋሻ ነበር፣ ከ1943 ጀምሮ ሲሠሩበት የነበሩት ሚተልባው ዶራ የሚባለው የናዚ ማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ናቸው፣ መጀመሪያ ላይ የሚተኙትም እዛው ዋሻ ውስጥ ነበር፣ በአቧራና በጨለማ፣ ለሳምንታት ፀሐይ ሳያዩ። በካምፑ ታስረው ከነበሩት 60 ሺህ ገደማ ሰዎች ወደ 20 ሺህ የሚሆኑት ሞተዋል። ሮኬቱ ተተኩሶ ከገደለው ሰው ይልቅ ሲሠራ ያለቀው ይበልጣል እኮ! ሰው ግን «የጀርመን ኢንጂነሪንግ» እያለ ያደንቃል። አሁን የዋሻው ትንሽ ክፍል ብቻ ነው ክፍት፣ የሚገባውም ከመታሰቢያው አስጎብኚ ጋር ነው። እኔ ስገባ ፎቶ አላነሳሁም፣ ከማሳያችሁ ፎቶዎች ውስጥ የዛን ቦታ ያላገኛችሁት ለዛ ነው።